የወደቀ ቀንድ መልቀም በሕግ ሊወሰን ይገባልን?

በአዲስ አበባ ከተማ በስድስት ኪሎ የሚያልፍ ሰው በአንድ በኩል የዩኒቨርሲቲውን ግቢ፣ በሌላው በኩል ለብዙ ዓመታት አንበሶች ሲጠበቁበት የኖረውን ግቢ ያያል። ዩኒቨርሲቲው ያለበት ስፍራ ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበረ፤ በ1954 ዓ.ም. ለከፍተኛ ትምህርት ከዋለ ወዲህ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በዚያ ተቋቁሞ፣ የአገሪቱ ሕዝቦች የሠሩትንና የተገለገሉበትን ዕቃ በሙዚየሙ ሰብስቦ ያስጐበኛል። አንበሳ ግቢ የተባለው ደግሞ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1948 የተመሠረተ ሲሆን፣ የከተማው ልጆች ብዙዎቹ ሕያው አንበሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት በዚያ ነው። እነዚህ ሁለት ስፍራዎች ቅርብ ለቅርብ ሳሉ፣ ከእንስሳ የተገኘ ነገር አንዱ ዘንድ ለዕውቀት ሲቀመጥ፣ ሌላው ዘንድ እንዴት ወደ ገበያ እንደ ወጣ ከዚህ በታች ይነገራል። በክረምት ለትምህርት ከየገጠሩ ወደ ስድስት ኪሎ የሚመጡ መምህራንም ነገሩን በቦታው ሆነው ሊያስቡት ይችላሉ።

ጥያቄው ግን የሚነሣው በከተማ ሳይሆን በተራራና በዱር ነው። አንድ እረኛ ከብት ሲጠብቅ በገደል ሥር የወደቀ ቀንድ ቢያገኝ፣ ያንን አንሥቶ ወደ ቤቱ ቢወስድ፣ ወይም ለመምህሩ ቢያመጣና መምህሩ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ቢሰቅለው፣ በማን ላይ ምን በደል ተሠራ? እንስሳው ሞቷል፤ የገደለውም እረኛው አይደለም። እንዲህ ያለውን ነገር በሕግ መከልከል በብዙ ሽማግሌዎች ዘንድ ድኻን ያለ ምክንያት ማስጨነቅ መስሎ ይታያል። በሌላ አገርም ይኸው ክርክር አለ፤ ነገር ግን የዚያ አገር ቀንድና የኢትዮጵያ ቀንድ በባሕርያቸው የተለያዩ ስለ ሆኑ፣ ከሕጉ በፊት ቀንዱን ማወቅ ያስፈልጋል።

ቀንድ ሁለት ዓይነት ነው። የበሬ፣ የፍየል፣ የበግ፣ የዋልያ፣ የድኩላና የቆላ አጋዘን ቀንድ በውስጡ ዐጥንት፣ በውጭ እንደ ጥፍር ያለ ልባስ ነው። ይህ ቀንድ ከራስ ቅል ጋራ ተያይዞ እንስሳው በሕይወት እስካለ ድረስ ያድጋል እንጂ ከቶ አይወድቅም፤ ቢሰበርም መልሶ አይበቅልም። ሁለተኛው ዓይነት በአውሮጳ፣ በእስያና በአሜሪካ በሚኖሩት ልዩ ወገን እንስሳት ራስ ላይ የሚበቅለው ቅርንጫፋም ቀንድ ነው። ይህ ሁለንተናው ዐጥንት ሲሆን በየዓመቱ ይበቅላል፤ በየዓመቱም ይወድቃል። በጸደይ ወራት ለስላሳ ጠጕር ባለው ቈዳ ተሸፍኖ፣ በዚያም ቈዳ ውስጥ በሚሮጠው ደም እየተመገበ በፍጥነት ያድጋል፤ በትላልቆቹ ዘንድ በቀን እስከ 2 ሳንቲ ሜትር የሚጨምርበት ጊዜ አለ። ዕድገቱ ሲፈጸም ቈዳው ይደርቃል፤ እንስሳውም ከዛፍ ጋራ እያሻሸ ይገፈዋል። በዚያ ቀንድ ስለ እንስቲቱ ከባላንጣው ጋራ ይዋጋል። የመራቢያው ወራት ካለፈ በኋላ ግን በሰውነቱ ውስጥ ያለው የወንድነት ንጥረ ነገር ስለሚቀንስ የቀንዱ ሥር ይላላና በክረምቱ ወይም በክረምቱ መጨረሻ ከራሱ ላይ ይወድቃል። እንስሳው ምንም ሕመም ሳያገኘው ሄዶ ይሰማራል፤ ቀንዱም በበረዶ ላይ ይቀራል። ሬንዲር ከተባለው በቀር ይህ ቀንድ የሚበቅለው በወንዱ ብቻ ነው።

በዚህ ላይ መምህራን ሊጠነቀቁበት የሚገባ አንድ የቃል ስሕተት አለ። ቅርንጫፋም ቀንድ ያላቸው እንስሳት በአፍሪቃ ከሰሜኑ ጫፍ በቀር በተፈጥሮ አይገኙም፤ ስለዚህ አማርኛ ለእነርሱ የራሱ ስም የለውም። የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች በመዝሙረ ዳዊት ውስጥ ያለውን «ዋላ» ብለው ጠሩት፤ የትምህርት መጻሕፍት ተርጓሚዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ «አጋዘን» ይሉታል። አጋዘን ግን በኢትዮጵያ ቆላ የሚኖረው ጠምዛዛ ቀንድ ያለው እንስሳ፣ እንዲሁም በባሌና በአርሲ ተራሮች የሚኖረው የደጋ አጋዘን ስም ነው። ስለዚህ ተማሪው «አጋዘን በየዓመቱ ቀንዱን ይጥላል» የሚል በመጽሐፍ ሲያነብ፣ በአገሩ ያለው አጋዘን ይጥላል ብሎ ያምናል። በ10 ሳንቲም ላይ ራሱ የተቀረጸው የደጋ አጋዘን ግን አንድ ቀን እንኳ ቀንዱን ጥሎ አያውቅም። ይህ ስሕተት ትንሽ ቢመስልም በሕጉ ነገር ላይ ትልቅ ውጤት አለው፤ ምክንያቱም በአሜሪካ ዱር የተገኘ ቀንድ ሕያው እንስሳ በዚያ ማለፉን ሲያመለክት፣ በኢትዮጵያ ዱር የተገኘ ቀንድ ሁሉ የሞተ እንስሳ ምልክት ነው።

ይህን ካወቁ በኋላ የሌሎችን አገሮች ሕግ መመልከት ይጠቅማል። በአሜሪካ በዋዮሚንግ ግዛት ኤልክ የሚባለው ትልቅ እንስሳ በብዛት ይኖራል፤ የአንዱም ጥንድ ቀንድ እስከ 18 ኪሎ ግራም ሊመዝን ይችላል። የወደቀው ቀንድ ለቢላዋ እጀታ፣ ለወንበርና ለመብራት መስቀያ ሥራ፣ በእስያም ለመድኃኒት ስለሚፈለግ ዋጋ አለው። ዋጋ ስላለውም ሰዎች በረዶው ገና ሳይቀልጥ በመኪናና በፈረስ ወደ ተራራው እየገቡ መንጋውን ያባርሩ ጀመር። በክረምቱ መጨረሻ እንስሳው የሚኖረው በበጋ ባከማቸው ስብ ነው፤ አንድ ጊዜ ሮጦ የሚያጠፋውን ኀይል የሚተካበት ሣር በዚያ ወራት አያገኝም። እንስቶቹም ያን ጊዜ እርጉዞች ናቸው። እንግዲህ ቀንዱን ማንሣት ራሱ እንስሳውን ባይጐዳም፣ ቀንዱን ለማንሣት የሚደረገው ሩጫ ይገድለዋል። ስለዚህ ግዛቱ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከ2009 ወዲህ በሰፊው የሕዝብ መሬት ላይ ከታኅሣሥ 23 እስከ ሚያዝያ 22 ባለው ጊዜ ውስጥ ቀንድ መልቀምን ከለከለ፤ ከዚያ በኋላ ግን ፈቀደ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮም የግዛቱ ነዋሪዎች ከሌላ ቦታ ከሚመጣው ሰው አንድ ሳምንት ቀድመው እንዲለቅሙ ተደረገ።

በዚያው ግዛት ጃክሰን በምትባል ከተማ አጠገብ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1912 የተከለለ የኤልክ መጠለያ አለ። በመጠለያው ውስጥ ማንም ሰው ቀንድ እንዲያነሣ አይፈቀድለትም። የወደቀውን የሚለቅሙት ከመጠለያው ሠራተኞች ጋራ እስካውት የተባሉት ወጣቶች ናቸው፤ ቀንዱም በግንቦት ወር በከተማው አደባባይ በጨረታ ይሸጣል። ከገንዘቡ ከአራት ሦስቱ እጅ ወደ መጠለያው ተመልሶ ለእንስሳቱ ጥቅም ይውላል። ይህ ሥርዐት መልካም ነው፤ ዳሩ ግን መልካም ሊሆን የቻለው ቀንዱ በየዓመቱ የሚወድቅ ስለ ሆነ ነው። ቀንዱን ለማግኘት እንስሳውን መግደል ለሻጩ ኪሳራ ነው፤ የዘንድሮውን ቀንድ የሰጠው ለከርሞም ይሰጣልና።

ሕንድ ግን ሌላ መንገድ መረጠች። በዚያ አገር ሳምባርና ቺታል የሚባሉ ቅርንጫፋም ቀንድ ያላቸው እንስሳት አሉ፤ የሳምባርም ቀንድ ወደ እንግሊዝ አገር እየተላከ በሸፊልድ ከተማ ለቢላዋ እጀታ ይሠራበት ነበር። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1972 የወጣው የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ ግን ቀንድን፣ ዐጥንትን፣ ጥርስን፣ ጥፍርንና ላባን ሁሉ በአንድነት ከእንስሳው አካል ቈጠረው፤ የወደቀና ከተገደለ እንስሳ የተቈረጠ ብሎ አልለየም። እንዲህ ያለውን ነገር ያገኘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ወይም ለተሾመው ሹም አስታውቆ እንዲያስረክብ አዘዘ። ከዚህ ሕግ አንድ ነገር ብቻ ነፃ ወጣ፤ ይኸውም የፒኮክ ወፍ የጅራት ላባ ነው። ወፉ በየዓመቱ ላባውን ይጥላል፤ ሕዝቡም ለጌጥና ለአምልኮ ከጥንት ጀምሮ ይገለገልበታል። ሆኖም ያ ነፃነት ራሱ ችግር አመጣ። የወደቀ ላባ ሥሩ ንጹሕ ሲሆን፣ ከወፉ የተነቀለ ላባ ግን በሥሩ ደም ስለሚገኝበት፣ ነጋዴዎች የላባውን ሥር እየቈረጡ ይሸጣሉ የሚል ጥርጣሬ ተነሣ። የወደቀውን ፈቅዶ የተነቀለውን መከልከል በወረቀት ላይ ቀላል ነው፤ በገበያ ላይ ግን ላባ ላባ ነው።

አሁን ወደ ኢትዮጵያ እንመለስ ዘንድ፣ ቀንድ በዚህ አገር ምን ሥራ እንደሚሠራ ማስታወስ ይገባል። ጠጅ የሚጠጣበት ዋንጫ፣ ማንኪያ፣ ሐኪም ነኝ ባዩ ደም የሚያወጣበት ዋግምት፣ የቊም ጸሐፊው ቀለም የሚያኖርበት የቀለም ቀንድ፣ አዋጅ የሚነገርበት ቀንደ መለከት፣ ሁሉም ከቀንድ ይሠሩ ነበር። ነገር ግን ይህን ሁሉ ሥራ የበሬ ቀንድ ያለ አንዳች ጕድለት ይፈጽመዋል። የዱር እንስሳ ቀንድ ተመራጭ የሆነው ለጥቅሙ ሳይሆን ለክብሩ ነው። በሰሜን ተራሮች የዋልያ ቀንድ ዋንጫ ለባለቤቱ መመኪያ ሆኖ ነበር፤ በባሌም በኩል ከደጋ አጋዘን ቀንድ ለወተት ዕቃ አፍ የሚሆን መጥቢያ ይሠሩ ነበር። ለመመኪያ ሲባል የጠፋውን መቍጠር ያስጨንቃል፤ ዋልያ ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም አይኖርም፤ በ1950ዎቹ ዓመታት የቀረው ቍጥር ወደ 150 ያህል ብቻ ነበር። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ግድም በሕግ ከተከለለ በኋላ፣ በብዙ ድካም፣ ቍጥሩ ከ700 በላይ ደርሶ ነበር፤ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ግን በሰሜን በተነሣው ጦርነትና ከዚያም በቀጠለው ሁከት ምክንያት ጥበቃው ስለ ላላ እንደ ገና ቀነሰ። እንዲህ ካለው መንጋ አሥር ቀንዶች በገበያ ቢታዩ ነገሩ ቀላል አይደለም።

መንግሥት ስለ ዱር እንስሳ ሕግ ማውጣት የጀመረው ዛሬ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ ስለ አደን፣ ይልቁንም ስለ ዝሆን አደን፣ ሥርዐት አውጥተው ነበር። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1944 ደግሞ ስለ አራዊት አደን ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 61 ወጣ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 541 ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳን ወይም ከእርሱ የተገኘን ነገር መያዝንና መነገድን ወንጀል አደረገ፤ በገንዘብና በእስራትም እንዲያስቀጣ ደነገገ። በ2000 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ይህን የማስፈጸም ሥራ ተሰጠው። በዚህ ሕግ ዐይን የተገኘ ቀንድና የተገደለ እንስሳ ቀንድ አልተለዩም። ሕግ አውጪዎቹ ጨካኞች ስለ ነበሩ አይደለም፤ የዝሆን ጥርስ ነገር አስተምሯቸው ነበር እንጂ።

ዝሆን በሞተበት ስፍራ ጥርሱ ለብዙ ዓመት ሳይበሰብስ ይቈያል። ስለዚህ ባለ ጥርሱ ሁሉ «ከዱር አገኘሁት» ወይም «ከአባቴ ወረስሁት» ሊል ይችላል፤ ይህንንም የሚያስተባብል ምስክር የለም። በአዲስ አበባ በፒያሳና በቸርችል ጎዳና አካባቢ በሚገኙ የመታሰቢያ ዕቃ መደብሮች የተቀረጸ የዝሆን ጥርስ ለእንግዳ ሲሸጥ የኖረው በዚህ ዐይነት ነው። ኢትዮጵያ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1989 ለጥፋት የተቃረቡትን እንስሳትና ዕፀዋት ንግድ የሚቈጣጠረውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ተቀበለች፤ በ1997 ዓ.ም. መደብሮቹ ተፈትሸው ብዙ ጥርስ ተያዘ። መጋቢት 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ደግሞ ከየቦታው ተይዞ የተከማቸ 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ በጉለሌ የዕፀዋት ማእከል ውስጥ ተቃጠለ። ከዚያ ሁሉ ጥርስ ውስጥ በእውነት ከዱር የተለቀመ አልነበረም ማለት አይቻልም፤ የትኛው እንደ ነበረ ግን ማንም ሊለይ አልቻለም።

ይህ ሁሉ የሩቅ ምሳሌ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ ወደ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ይመለስ። በዚያ ግቢ የነበሩት አንበሶች ተራ አንበሶች አልነበሩም። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2012 የታተመ ምርምር የ15ቱን አንበሶች ዘር መርምሮ፣ በሌላ ስፍራ ከሚኖሩት አንበሶች የተለዩ ሆነው እንዳገኛቸው አስታወቀ። የወንዶቹ ጥቍር ጐፈር ከራስ እስከ ደረት ድረስ ወርዶ ይታይ ነበር። ከዚህ ምርምር ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ፣ በ1999 ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ የውጭ አገር ጋዜጦች አንድ የሚያሳዝን ነገር ጻፉ። በግቢው ውስጥ ደቦሎች እየተወለዱ ቦታውና የመኖው ገንዘብ አልበቃ ስላለ፣ ደቦሎቹ በመርዝ እየተገደሉ፣ ሬሳቸው ቈዳን ሞልቶ እንደ ሕያው ለሚያቆም ባለሙያ በ170 ዶላር ያህል ይሸጥ እንደ ነበረ፣ የግቢው አስተዳደር ራሱ ለጋዜጠኞች ተናገረ። ችግሩ የገንዘብ ማጣት ነበር፤ ያንን የካደ የለም። ነገር ግን ሬሳው ዋጋ ባይኖረው ኖሮ፣ ሌላ መፍትሔ ለመፈለግ የበለጠ ትጋት በተደረገ ነበር ብሎ ማሰብ ስሕተት አይሆንም። በዋና ከተማው መካከል፣ አጥር ባለው ግቢ፣ ደመወዝ በሚከፈላቸው ጠባቂዎች ዘንድ «የሞተው ይሸጥ» የሚለው ነገር ወደ «ይሙትና ይሸጥ» ከተለወጠ፣ ጠባቂ በሌለበት ገደል ላይ የሚሆነውን መገመት አያስቸግርም። በጎረቤቱ ባለው ሙዚየም ያለ ዕቃ ግን ከየት እንደ መጣ ተጽፎበት ስለ ተቀመጠና ስለማይሸጥ፣ እርሱን አይቶ ሌላ እንስሳ ለመግደል የሚነሣ ሰው የለም።

እንግዲህ በነገሩ ውስጥ ያለው ክፉ ቀንዱ ሳይሆን ዋጋው ነው። በዋዮሚንግ ዋጋው እንስሳውን በሕይወት ያቈየዋል፤ በኢትዮጵያ ግን ያንኑ ዋጋ ለማግኘት ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የእንስሳው ሞት ነው። ስለዚህ የወቅት ገደብ ብቻ አውጥቶ መልቀምን የሚፈቅድ የአሜሪካውያን ሕግ ተገልብጦ ለዚህ አገር ቢመጣ አይስማማም። የሕንድ ሕግ ይቀርባል።

ሆኖም ሽማግሌዎች የሚያነሡት ቅሬታ ተራ ቅሬታ አይደለም፤ መልስም ይገባዋል። በቀድሞ ዘመን ዝሆን የገደለ ሰው በብዙ አውራጃ አንደኛውን ጥርስ ለገዥው ይሰጥ ነበር፤ ሕዝቡም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ «የዱሩ ሀብት ለታላላቆች፣ ጥፋቱ ለኛ» ሲል ኖሯል። ዛሬም ቢሆን ፈቃድ ያለው የውጭ አገር አዳኝ ለአንድ የደጋ አጋዘን ብዙ ሺሕ ዶላር ከፍሎ ቀንዱን በአውሮፕላን ጭኖ ሲሄድ አይተዋል፤ በዚያው ተራራ የሚኖር እረኛ ደግሞ ከመሬት ያነሣው ቀንድ ሲያስከስሰው ያያሉ። ለአዳኙ ወረቀት የተሰጠው እንስሳው ያረጀ ወንድ መሆኑ ታይቶ፣ ቍጥሩም ተወስኖ ነው፤ ይህ ልዩነት እውነተኛ ነው። ነገር ግን ከዚያ ገንዘብ ወደ መንደሩ የሚደርሰው በትምህርት ቤት ወይም በውኃ ጕድጓድ ተገልጦ ካልታየ፣ እረኛው ልዩነቱን እንዲቀበል መጠበቅ ፍርድ አይሆንም። በሰሜን በኩል ደባርቅ አካባቢ ያሉ ሰዎች በቅሎ እያከራዩ፣ መንገድ እየመሩ፣ ከእንግዳ ጋራ እየወጡ ገንዘብ ያገኙ ነበር፤ እንግዳውም የሚመጣው ሕያው ዋልያ ለማየት ነው። በዚያ ስፍራ ክልከላውን ለማስረዳት ረዥም ንግግር አያስፈልግም። እንዲህ ያለ ጥቅም በሌለበት አገር ግን ሕጉ ብቻውን ቆሞ የሚቀር ይሆናል።

ሌላም ክርክር አለ። «ቀንዱ በዱር ወድቆ ከሚበሰብስ ሰው ቢጠቀምበት አይሻልምን?» ይባላል። በዱር የወደቀ ቀንድ ግን ከንቱ አይቀርም። ጃርት ዐጥንትና ቀንድ እየቈረጠመ ጥርሱን ይሞርዳል፤ ለሰውነቱም የሚያስፈልገውን የኖራ ዐይነት ንጥረ ነገር ያገኛል። ከሁሉ የሚያስደንቀው በአፍሪቃ የሚኖር አንድ የብል ወገን ነው። እንስቲቱ ብል በሞተ እንስሳ ቀንድ ላይ እንቍላሏን ትጥላለች፤ ትሎቹም አብዛኛው ፍጡር ሊፈጨው የማይችለውን የቀንድ ልባስ በልተው ያድጋሉ። ከቀንዱም ላይ እንደ ጣት የቆሙ የአፈር ቱቦዎች ይሠራሉ፤ ይህንንም ያዩ ሰዎች የሞተ ቀንድ ሥር አወጣ ብለው ይገረማሉ። ለሊቃውንት ደግሞ የወደቀ ቀንድ እንደ መጽሐፍ ነው። የዋልያ ቀንድ በየዓመቱ የዕድገቱን ምልክት ስለሚይዝ፣ በገደል ሥር የተገኘ አንድ ራስ ቅል እንስሳው በስንት ዓመቱ እንደ ሞተ ይናገራል። በአንድ ዓመት ውስጥ የሞቱት ሁሉ ጎረምሶች ከሆኑ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። ቀንዱ ከቦታው ተነሥቶ በሰው ቤት ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ግን ይህ ሁሉ ይጠፋል፤ ከየት እንደ መጣ እንኳ ከአንድ ትውልድ በኋላ የሚያስታውስ የለም።

ከዚህ የተነሣ መልቀም በሕግ መወሰኑ ተገቢ ነው። ነገር ግን የሕጉ ክብደት በማን ላይ ይውደቅ የሚለው ሌላ ነገር ነው። ቀንድ ያነሣውን ልጅ ከአዳኝ እኩል የሚቀጣ ሕግ፣ ልጁን ቀንድ መተው ሳይሆን መደበቅ ያስተምረዋል። የተደበቀ ቀንድ ደግሞ በመጨረሻ ወደ ገዥ ይደርሳል። ይልቅስ ቅጣቱ በገዥውና በደላላው ላይ ቢጠነክር፣ አግኚው ግን በተወሰነ ቀን ውስጥ ቢያስረክብ ምንም ሳይጠየቅ ቢሰናበት የተሻለ ነው። ያስረከበው ሰው የገንዘብ ሽልማት ይሰጠው የሚሉ አሉ፤ ይህ ደግ ሐሳብ ቢመስልም አደገኛ ነው፤ መንግሥት ራሱ ገዥ ሆኖ ለቀንዱ ዋጋ አወጣለት ማለት ነውና። ደረሰኝና ምስጋና ይበቃል። ደግሞም ሕጉ ወሰኑን ማወቅ አለበት፤ በየመንገዱ የሚወድቀውን የጃርት እሾህና የጅግራ ላባ ሁሉ ሊከለክል ቢነሣ ሕዝቡ ይስቅበታል፤ የተሳቀበት ሕግም ለዋልያው ጊዜ አይረዳም።

ትምህርት ቤቶችን በተመለከተ፣ ባለፉት ዓመታት በግድግዳ ላይ የተሰቀሉ ቀንዶች በየስፍራው አሉ፤ አብዛኞቹም በቅን ልብ የተሰቀሉ ናቸው። እነዚህን በጭለማ ማጥፋት ወይም መጣል አያስፈልግም። ርእሰ መምህሩ ለወረዳው የዱር እንስሳት ጕዳይ ኀላፊ በደብዳቤ አስታውቆ፣ ለትምህርት መርጃ እንዲቀመጥ ፈቃድ ቢጠይቅ፣ ቢፈቀድለት ፈቃዱን ከቀንዱ አጠገብ ቢያኖር፣ ባይፈቀድለት ቢያስረክብ ነገሩ ይፈጸማል። ልጆችን የቀንድን ባሕርይ ለማስተማር ግን የበሬና የበግ ቀንድ ይበቃል፤ ውስጡን ዐጥንትና የውጩን ልባስ ለመለየት በውኃ ቀቅሎ ማላቀቅ ይቻላል። ይህንን በዋልያ ቀንድ የሚያደርግ መምህር የለም።

አዲስ ቀንድ ያገኘ ልጅ ሲመጣ፣ መምህሩ ከመውቀሱ በፊት ጥቂት ጥያቄዎች ቢጠይቅ ለጥበቃው ትልቅ እርዳታ ነው። ቀንዱ የተገኘበት ስፍራ ስሙ ማን ይባላል? ከየትኛው ወንዝ ወይም ገደል በላይ ነው? አንድ ነበር ወይስ ጥንድ? ከራስ ቅል ጋራ ነበርን? በራስ ቅሉ ላይ የመጥረቢያ ወይም የጥይት ምልክት አለን? በአጠገቡ ቈዳ፣ ዐጥንት፣ ወይም የሰው ሰፈር አመድ ታይቷልን? በቀንዱ ላይ የብሉ ቱቦዎች ከታዩ እንስሳው ከሞተ ብዙ ወራት ያለፈው ስለ ሆነ እርሱም ይጻፍ። ይህ ሁሉ ከቀኑ ጋራ በአንድ ገጽ ላይ ተጽፎ፣ የልጁ ስም ሳይጠቀስ፣ በሰሜን በኩል ወደ ደባርቅ፣ በባሌ በኩል ወደ ዲንሾ የፓርክ ጽሕፈት ቤት፣ በሌላ ስፍራም ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ከቀንዱ ጋራ ይላካል፤ አንድ ግልባጭ በትምህርት ቤቱ መዝገብ ይቀራል።